የመርጃን ባሕርና የሐዋሳ ውሃ

ሐዋሳ ከባሕር ጠረፍ የራቀች፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስለዚህ የጨው ባሕርን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አኑሮ፣ መርጃን ወይም ኮራል የሚባለውን እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሕያው ፍጥረት እያሳደገ፣ ውሃውን በጠብታ እየመረመረ የጎደለውን ካልሲየምና ባይካርቦኔት በልክ የሚሞላ ሰው ወደዚህ ጥበብ በምን መንገድ እንደደረሰ ለመተረክ የተነሣ ጸሐፊ በዚህችው ሐዋሳ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ተቀምጦ ቢጀምር፣ ነገሩ ለአንዳንዱ አንባቢ ከስፍራው የራቀ ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ለዚህ ታሪክ ከዚህ የተሻለ መቀመጫ የለም እላለሁ። በመርጃን ጠባቂው ሣጥን ውስጥ ዘወትር የሚያልቁት ሁለቱ ነገሮች፣ ማለትም ካልሲየምና ባይካርቦኔት፣ በዚህ ሸለቆ ሐይቆችና ጉድጓዶች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ተጣልተው የኖሩ፣ አንደኛው ሲበረታ ሌላው የሚጠፋ፣ በመጥፋቱም ጠንቅ የሰውን ጥርስና አጥንት እስከ መጉዳት የደረሱ ናቸውና፣ የሐዋሳ ሰው ውሃን መርምሮ የማረምን ታሪክ ሲያነብ የሚያነበው የገዛ ጓዳውን ታሪክ ጭምር ነው።

ይህች ከተማ በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ከመመሥረቷ እጅግ አስቀድሞ፣ በዙሪያዋ ከብት ሲያረቡ የኖሩት ሲዳማዎችና አርሲዎች ውሃ ሁሉ አንድ እንዳይደለ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አርቢው ላሞቹን ወደ ሆራ፣ ማለትም ማዕድን ወዳለበት ምንጭ፣ በተወሰነ ጊዜ እየነዳ ያጠጣል፤ ሆራ በሌለበት አገር ደግሞ ከስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዳርቻ ተቆፍሮ የሚወጣውን ቦሌ የሚባል ጨዋማ አፈር ከገበያ ገዝቶ ያልሳቸዋል። ይህን የሚያደርገው የሣሩ ልምላሜ ብቻውን ለከብቱ እንደማይበቃ፣ ወተቱም ሆነ ጥጃው ከሣሩ የማይገኝ አንድ ነገር እንደሚሻ ከአባቶቹ ስለ ተማረ ነው። የጎደለውን ከውጭ አምጥቶ መሙላት የሚባለው ሥራ በዚህ አገር የተጀመረው ከማንም የመስታወት ሣጥን አስቀድሞ በእረኛው እጅ መሆኑን ስናስብ፣ የኋላውን ታሪክ በተገቢው ትሕትና ለማየት እንበቃለን። በሴቶችም ዘንድ እንዲሁ ነበር። ውሃው ሳሙና ያረፋል ወይስ አያረፋም፣ ባቄላና አተር በቶሎ ያበስላል ወይስ ያዘገያል፣ ጠላ ሲጠነሰስበት ጣዕሙ ምን ይሆናል እያሉ እናቶቻችን የመዘኑት የውሃውን ባሕርይ ራሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በስኮትላንድ የአበርዲን መምህር የነበረው ቶማስ ክላርክ የውሃን ጥንካሬ በሳሙና አረፋ የመለካትን ዘዴ በቁጥር ሲያጸናው፣ ያደረገው ነገር በወንዝ ዳር ሲታወቅ የኖረውን ዕውቀት በብልቃጥና በልክ መወሰን ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንቶቻችን በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው ውሃን ከአራቱ ባሕርያት አንዱ፣ ከመሬት፣ ከነፋስና ከእሳት ጋር የፍጥረት ሁሉ መሠረት አድርገው ያስተምራሉ። ያ ትምህርት ስለ ውሃ ርጥበትና ቅዝቃዜ፣ ስለ ዓለም ሥርዓት ይናገራል እንጂ በውስጡ ምን እንደሟሟ ለመቁጠር የተሠራ አይደለም፤ ቢሆንም በባሕርያት መካከል ሚዛን ከተናጋ ሥጋ እንደሚታመም የሚያስገነዝበው ሐሳብ ወደፊት ከምናየው ነገር ጋር የሚስማማበት ስፍራ ብዙ ነው።

መርጃን ራሱ ለእኛ ከጥንት የሚታወቅ ነው። በባሕረ ኤርትራ ዳር የምጽዋ አሮጌ ቤቶች የታነጹት ከባሕር በወጣ የመርጃን ድንጋይ ሲሆን፣ ግድግዳውን ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው አንዳንዱ ድንጋይ የቀድሞ ሕይወቱን ቅርጽ እስከ ዛሬ ያሳየዋል። የኤውሮጳ ሊቃውንትም የመርጃንን ሳይንስ ካጠኑባቸው ቀደምት ስፍራዎች አንዱ ይኸው ባሕር ነው። ከዴንማርክ ንጉሥ ተልኮ የመጣው ስዊድናዊው ፔተር ፎርስኮል የባሕረ ኤርትራን ዓሦችና መርጃኖች ሲሰበስብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጀርመናውያን ኤሬንበርግና ሄምፕሪክ ነበሩ፤ ሄምፕሪክ እ.ኤ.አ. በ1825 በምጽዋ በሕመም ሲያርፍ፣ የተረፈው ጓደኛው ኤሬንበርግ በ1834 ስለ ባሕረ ኤርትራ መርጃኖች የጻፈውን ጥናት አሳተመ። በ1831 ምጽዋ የደረሰውና ከዚያም ወደ ጎንደር የዘለቀው ኤድዋርድ ሩፔልም የዚያን ባሕር ዓሦች በስፋት መዝግቧል። በዘመናችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1965፣ ዳህላክ የኢትዮጵያ ግዛት በነበረበት ጊዜ፣ የእስራኤል የባሕር ሊቃውንት በዳህላክ ደሴቶች የጥናት ጉዞ አድርገዋል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ መርጃንን ያዩት በገዛ ባሕሩ ውስጥ ወይም በአልኮል ብልቃጥ ሞቶ ነው፤ በሕይወቱ ከባሕር አውጥቶ በቤት ውስጥ ማኖር ግን ፈጽሞ ሌላ ምሥጢር የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ።

ያንን ምሥጢር በመጀመሪያ ከነኩት ሰዎች አንዷ አና ታይን የተባለች የእንግሊዝ ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1846 ከቶርኪ ጠረፍ ጥቂት መርጃኖችን ወደ ለንደን አምጥታ፣ ውሃው እንዳይታመቅ አገልጋይቷ በክፍት መስኮት አጠገብ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እያንቆረቆረች ነፋስ እንዲገባበት በማድረግ ለዓመታት በሕይወት አቆየቻቸው። በዚያው ዘመን ሮበርት ዋሪንግተን እንስሳውና አትክልቱ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲኖሩ አንዱ የሌላውን እስትንፋስ እንደሚያድስ አስረዳ። ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን የአራዊት መናፈሻ የተከፈተውን የዓሣ ቤት በማደራጀት ሠርቶ፣ በዓመቱ ስለ አኳሪየም የጻፈውን መጽሐፍ አውጥቶ፣ ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰውም ጨዎችን በልክ ቀላቅሎ የባሕር ውሃ የሚሠራበትን ቀመር አሳተመ። ጨዎችን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በቤት ውስጥ ባሕር መሥራት እንደሚቻል ማመን ለዚያ ዘመን ሰው ታላቅ ድፍረት ነበር፤ ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በሐዋሳ ያለ ሰው፣ ከጠረፍ ርቆ፣ ይህን ሥራ ለማሰብ የሚችለው በዚያ ድፍረት ምክንያት ነው።

ነገር ግን ቀመሩ እውነት እንዲሆን የባሕር ውሃ ባሕርይ በየአገሩ አንድ መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት። አሌክሳንደር ማርሴ እ.ኤ.አ. በ1819 የልዩ ልዩ ባሕሮችን ውሃ መርምሮ፣ ጨዋማነታቸው ቢበላለጥም በውስጣቸው ያሉት ጨዎች እርስ በርሳቸው ያላቸው መጠን እንደማይለወጥ አመለከተ፤ ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን የዞረችው ቻሌንጀር የተባለች መርከብ ያመጣችውን 77 የውሃ ናሙና ዊልያም ዲትማር በብርቱ ጥንቃቄ መዝኖ በ1884 ሲያሳትም ነገሩ ጸና። የባሕረ ኤርትራ ውሃ በሰሜኑ በአንድ ኪሎ 40 ግራም ያህል ጨው ይዞ ከሌላው ውቅያኖስ ሁሉ ቢበልጥም፣ በጨዎቹ መካከል ያለው ዝምድና ከውቅያኖሱ ጋር አንድ ነው። መርጃን ጠባቂ የሆነ ሁሉ ዛሬም የሚከተላቸው ልኮች ከዚህ የወጡ ናቸው፤ በተራ የባሕር ውሃ ሊትር ውስጥ ካልሲየም 420 ሚሊግራም ያህል፣ ማግኒዚየም 1,300 ሚሊግራም ያህል፣ አልካሊነቱም፣ ማለትም በአብዛኛው በባይካርቦኔቱ ምክንያት አሲድን የሚቋቋምበት ኃይል፣ የጀርመን ድግሪ በሚባለው መስፈሪያ 7 ያህል ነው።

እንግዲህ ሰፊው ባሕር ይህን ዝምድና ሳያዛባ የሚኖረው ስፋቱ ወሰን የለሽ በመሆኑ ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን መርጃኑ አጥንቱን ለመሥራት ካልሲየሙንና ባይካርቦኔቱን በአንድነት ከውሃው እየሳበ ወደ ነጭ ድንጋይ ይለውጣል፤ በየሊትሩ 20 ሚሊግራም ካልሲየም በወሰደ ቁጥር 2.8 ድግሪ ያህል አልካሊነት አብሮ ይጎድላል። ድንጋያማው መርጃን እያደገ በሄደ መጠን የራሱን ባሕር ያራቁታልና፣ በዕድገቱ ደስ የተሰኘው ጠባቂ በዚያው ዕድገት ምክንያት ይቸገራል። በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት የነበሩት ሰዎች በቤታቸው ሊያኖሩ የቻሉት በአብዛኛው ድንጋይ የማይሠሩትን፣ ለስላሳ ሥጋ ያላቸውን የባሕር አበቦች የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ የሐሩር አገር መርጃን ብርሃንን፣ ሙቀትንና ይህን የማያልቅ ቀለብ በአንድነት ይሻ ነበር።

መንገዱ የተከፈተው ከባሕሩ ዳር በሚኖር ሰው ነው። በጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከባሕሩ በቀጥታ የወጣ ድንጋይ ከነነዋሪዎቹ፣ የባሕሩ አሸዋና ንጹሕ የባሕር ውሃ፣ በላያቸውም የነፋስ አረፋ ብቻ ቢኖር መርጃን በሣጥን ውስጥ እንደሚኖር አስረዳ። ይህ ሰው ጠረፉ በደጁ ስለ ነበረ ውሃውን እንደ ልቡ ሊለውጥ ይችል ነበር፤ ባሕሩ ሩቅ የሆነባቸው የኤውሮጳ ሰዎች ግን ሌላ ዘዴ ፈለጉ። በ1970ዎቹ ፔተር ዊልከንስ የኖራን ውሃ በጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ አስተዋወቀ፤ የታሸውን ኖራ በንጹሕ ውሃ በጥብጦ፣ አተላው ከተዘቀጠ በኋላ ጥርት ያለውን የላይ ውሃ በየጠብታው ወደ ሣጥኑ ማውረድ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ2 ግራም በላይ ኖራ አይሟሟም፤ ያም ውሃ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ በአንድ ጊዜ ቢፈስ የሣጥኑን ነዋሪ ሁሉ ይጎዳል። አዋቂዎቹ ጠብታውን በሌሊት ማውረድን መረጡ፤ በሌሊት ብርሃን ስለሚጠፋ፣ ፍጥረቶቹም የሚያወጡት አየር ውሃውን ወደ አሲድነት ስለሚያደላው፣ ኖራው ያንን ያቃናል።

ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ሃንስ ቬርነር ባሊንግ የተባለ ጀርመናዊ ካልሲየሙን በካልሲየም ክሎራይድ፣ አልካሊነቱን በሶዲየም ባይካርቦኔት ለይቶ መስጠትን አስተማረ፤ ሁለቱ ሲገናኙ በትርፍነት የሚቀረው የገበታ ጨው ብቻውን በሣጥኑ ውስጥ እየተከማቸ ሚዛኑን እንዳያዛባም ሶዲየም ክሎራይድ የሌለበት ሦስተኛ የባሕር ጨው ጨመረበት። በዚህ ትንሽ ጥንቃቄ ውስጥ የዲትማር 77 ናሙናዎች ትምህርት ሲሠራ እናያለን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፈሳሾች በአንድ ጊዜ በአንድ ስፍራ የሚያፈስ ሰው ነጭ ደመና ሲነሣ ያያል፤ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ መርጃኑ ሳይደርስባቸው እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ወደ ድንጋይ ስለሚለወጡ፣ ሰውየው የጨመረው ቀርቶ አስቀድሞ የነበረውም ያመልጠዋል። ማግኒዚየሙ በልኩ ሲገኝ ይህን መጣበቅ ያዘገየዋልና፣ አልካሊነቱ ወይም ካልሲየሙ አልያዝ ያለው ሰው በመጀመሪያ ሊመረምር የሚገባው ማግኒዚየሙን ነው።

ምርመራው ያለ ጨመራው፣ ጨመራውም ያለ ምርመራው እንደማይቆም ግልጽ ነው፤ ስለዚህ የምርመራውን ታሪክ ጥቂት እንመልከት። በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 የአሲድነትን መስፈርት፣ ዛሬ ፒኤች የምንለውን፣ ወሰነ፤ ከዚያ በፊት በ1888 ዊንክለር በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በጠብታ የሚለካበትን ዘዴ አውጥቶ ነበር። በ1940ዎቹ ደግሞ ሽዋርዘንባክ ኤዲቲኤ የሚባለውን ንጥረ ነገር ተጠቅሞ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን በቀለም ለውጥ መቁጠርን አሳየ። ዛሬ በመርጃን ጠባቂው ጠረጴዛ ላይ የሚቆሙት ትንንሽ ብልቃጦች እነዚህ ታላላቅ ሥራዎች ተጨምቀው የገቡባቸው ናቸው፤ ለአልካሊነት አሲዱ በየጠብታው ሲወርድ ውሃው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ ለካልሲየም ደግሞ ከሮዝ ወደ ሰማያዊ፤ የጠብታው ቁጥር ልኩን ይናገራል። መርማሪው ቀለሙ በተለወጠባት ጠብታ ላይ እጁን መግታት አለበት፤ አንዲት ጠብታ ከልክ ብታልፍ ንባቡ ሐሰት ይሆናል፣ በሐሰተኛው ንባብ የተወሰነው ጨመራም ሕይወት ላለው ነገር አደጋ ነው። የምርመራውን ሰዓት፣ የጠብታውን ቁጥር፣ የተጨመረውንም መጠን በአንድ ደብተር መመዝገብ ስለዚህ ከሥራው ግማሹ ነው።

አሁን ወደ ገዛ ሸለቆአችን እንመለስ፤ የኬሚያው ነገር በዚህ ከመርጃኑ ሣጥን ይልቅ ጠልቆ ይታያልና። በእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ የወረደው ዝናብ ዐለቱን እየፈታ ሶዲየም፣ ጥቂት ካልሲየም፣ ብዙ ባይካርቦኔትና ሲሊካ ይዞ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። በሸለቆው ሙቀት ውሃው ሲተንና አየሩ ሲያመልጠው፣ ካልሲየሙ ባይካርቦኔቱን ተሸክሞ እንደ ነጭ ድንጋይ ይዘቅጣል፤ ካልሲየሙ ግን ከመነሻው ጥቂት ስለ ነበረ ቀድሞ ያልቃል፣ የተረፈው ባይካርቦኔት ከሶዲየም ጋር ብቻውን ይነግሣል። ሻላና አቢያታ ሶዳ የሆኑት በዚህ መንገድ ነው፤ ጥልቁ የሻላ ሐይቅ በውስጡ የያዘው ጨው ብዙ ሆኖ ሳለ ካልሲየሙ ከምንም አይቆጠርም። የመርጃን ጠባቂው በሣጥኑ ውስጥ በድንገት የሚያነሣው ነጭ ደመና በዚህ ሸለቆ በሺህ ዓመታት እርጋታ ሲከናወን የኖረ ነገር ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ከእነዚህ ጎረቤቶቹ በጣም የሚለይበት ጠባይ አለው። የጥቁር ውሃ ወንዝ ቀድሞ ሐይቅ ከነበረውና ዛሬ ረግረግ ከሆነው ከጨለለቃ ወርዶ ይገባበታል፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ እንደ ሻላ ሊጨው ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ውሃው ጣፋጭ ነው፣ ቆሮሶና አምባዛ ይራቡበታል፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣው በየማለዳው ይሸጣል። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲያስረዱ ሐይቁ ከመሬት በታች ወደ ሰሜን፣ ወደ ዝቅተኛው ሻላ አቅጣጫ፣ ስለሚያንጠባጥብ ጨው ሳይከማችበት እንደሚኖር ይናገራሉ። ጨዉ ጥቂት ይሁን እንጂ ይህ ሐይቅ በአልካሊነቱ ከውቅያኖሱ ውሃ ይበልጣል፤ ይህን ሲሰማ የማይደነቅ መርጃን ጠባቂ አይኖርም።

ይህ ሁሉ የታወቀው በአንድ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ከእንግሊዝ የመጡት ሂዩ ስኮትና ኦመር ኩፐር የአገራችንን የውሃ ነፍሳት አጠኑ። በጣልያን ወረራ ዘመን የመጣ የዓሣ ጥናት ቡድን የስምጥ ሸለቆውን ሐይቆች መርምሮ የኬሚያውን ውጤት በ1941 አሳተመ፤ ጥናቱ የታዘዘው ለወራሪው ጥቅም ቢሆንም የተመዘነው ቁጥር ግን ለእውነት አገልግሏል፣ ከኋላ የመጡት ሁሉ ለማመሳከሪያ ተጠቅመውበታልና። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮሰር፣ ዉድና ባክስተር የቢሾፍቱን ሐይቆች ጥልቀትና ኬሚያ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1968 አወጡ፤ ጃክ ታሊንግና ባለቤቱ አይዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 የአፍሪካን ሐይቆች ኬሚያ በአንድ መዝገብ አኖሩ። በኋላም የኢትዮጵያ ልጆች ሥራውን በእጃቸው አደረጉ፤ ኤልሳቤጥ ከበደ፣ ዝናቡ ገብረ ማርያምና ስዊድናዊው ባልደረባቸው አልግሬን እ.ኤ.አ. በ1994 የስምጥ ሸለቆውን ሐይቆች ከጣፋጩ እስከ ጨዋማው በተራ አሰልፈው ያሳዩበት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በሐዋሳ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅና በ1992 ዓ.ም. የተወለደው ዩኒቨርሲቲ ይህን ጥናት ሐይቁ አጠገብ አመጡት።

ነገር ግን የውሃው ሚዛን መጉደል በሰው ሥጋ ላይ የታየው ከሐይቁ ይልቅ በጉድጓዱ ነው። ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ካልሲየም ባለበት ውሃ ውስጥ ከእርሱ ጋር ተጣብቆ ስለሚዘቅጥ ሊበዛ አይችልም፤ ካልሲየሙ በሸሸበት የስምጥ ሸለቆ ግን ጠባቂ አጥቶ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ይህን ብዙ ጊዜ እጥፍ አድርገው ያልፋሉ፤ የሐዋሳ ሐይቅም ወሰኑን ያልፋል። በልጅነቱ ያንን ውሃ ሲጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ይሆናል፤ ለብዙ ዘመን ሲጠጣው የኖረ ደግሞ አከርካሪው ደርቆ ጎንበስ ቀና ማለት ይሳነዋል። ይህን ሕመም በሸለቆው ካጠኑት መካከል የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ቀዳሚ ናቸው።

በአገራችን ውሃን መርምሮ በንጥረ ነገር የማረም ሥራ በስፋት የተያዘው በወንጂ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ሸለቆ የስኳር ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፍት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከጉድጓዱ ውሃ ይጠጡ ጀመር፤ ውሎ አድሮ የጥርስና የአጥንት ሕመሙ ታየ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ፍሎራይዱን የሚይዝ የአሉሚና ማጣሪያ በየሠፈሩ ተተከለ። ይህ ማጣሪያ የራሱ ጠባይ አለው፤ የውሃው አልካሊነት በበረታ መጠን ፍሎራይድን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ሲጠግብም በኮስቲክ ሶዳ መታጠብ አለበት። ባለሙያ፣ ገንዘብና መርማሪ ያለበት ፋብሪካ ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ በገጠር ያለች አንዲት እናት ግን ምን ታድርግ?

ለእርሷ የተዘጋጀው መልስ ከህንድ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ናልጎንዳ በተባለው የህንድ ስፍራ ስም የተጠራው ዘዴ በባልዲ ውሃ ውስጥ ሸብና ኖራ በልክ ጨምሮ ማማሰል፣ ከዚያም እንዲረጋ ትቶ ጥርት ያለውን መቅዳት ነው፤ ፍሎራይዱ ከአተላው ጋር ይቀራል። በእኛም ስምጥ ሸለቆ በቤተሰብ ደረጃ ተሞክሯል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ በባልዲው ውስጥ የሚገባው የሸብ መጠን የሚወሰነው በውሃው ፍሎራይድ ብቻ ሳይሆን በአልካሊነቱም ጭምር ነው። ስለዚህ ያቺ እናት ልጇን ከሕመም ለማዳን ከሚያስፈልጓት ምርመራዎች አንዱ፣ በበርሊን ያለው ባለጸጋ መርጃኑን ለማሳደግ ከሚያደርገው ምርመራ ጋር አንድ ነው፤ አሲዱ በጠብታ ይወርዳል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ቁጥሩ ይነበባል። ልዩነቱ ለአንደኛው ብልቃጡ በደጁ ይሸጣል፣ ለሌላዋ ግን የውሃውን ቁጥር የሚነግራት ሰው ከከተማ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ይህ ልዩነት ሊያሳዝነን ይገባል፤ እኔን ያሳዝነኛል። ሸቡ ያለ ልክ ሲበዛ በውሃው ውስጥ ሰልፌትና አሉሚኒየም ይተርፋል፣ ሲያንስ ፍሎራይዱ ይቀራል፤ በግምት የሚሠራ ባልዲ ከሁለቱ አንዱን ጥፋት አያመልጥም።

ከባልዲው ሌላ የተሞከረው ዘዴ የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር በማይገባበት ምድጃ ተቃጥሎ ሲፈጭ ፍሎራይድን አጥብቆ ይይዛል፤ ኬንያ ውስጥ የናኩሩ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ይህን ዘዴ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ፣ የካልሲየምና የፎስፌት እንክብል ጨምሮበት ኃይሉን አበረታው፤ በእኛም ሸለቆ በአንዳንድ መንደር ተተክሏል። አጥንቱ ከምን ከብት፣ በማን ከታረደ ከብት እንደመጣ መጠየቁ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ቀላል ጥያቄ አይደለምና፣ ሥራውን የሚያስፋፉ ሁሉ ለዚህ በቂ ማብራሪያ ሊሰጡ ይገባቸዋል። ለኔ ግን የሚያስደንቀኝ የኬሚያው ምሥጢር ነው፤ ውሃው ያጣውን ካልሲየም በአጥንት መልክ መልሰን ስንሰጠው ፍሎራይዱ ወደ ጥንት ወዳጁ ይጠጋል፣ የሰውንም አጥንት ይተዋል።

በሐዋሳ ዛሬ የመርጃን ሣጥን ሊያቆም የሚመኝ ወጣት ቢኖር፣ ከጨውም ከመብራትም በፊት ማወቅ ያለበት የሚጀምርበትን ውሃ ነው። የሸለቆው ውሃ ሲሊካ ስለሚበዛበት በመስታወቱ ላይ ቡናማ ዝቃጭ የሚመስል ጥቃቅን ዕፅ ያፈላል፤ አልካሊነቱና ፍሎራይዱም በጨው ቀመር ውስጥ ያልታሰቡ ናቸው። ስለዚህ ውሃውን በማጣሪያ ስስ ሽፋን አሳልፎ ባዶ ካደረገው በኋላ ነው ጨዉን የሚቀላቅል፤ በኋላም የሚገዛቸው የምርመራ ብልቃጦች በመጀመሪያ ሊያገለግሉት የሚችሉት ከሣጥኑ ይልቅ ለገዛ ቤቱ ቧንቧና ለጎረቤቱ ጉድጓድ ነው፤ ምንም እንኳ ለፍሎራይድ ራሱን የቻለ ሌላ መመርመሪያ ቢያስፈልግ።

እስከ ዛሬ የሐዋሳንና የአካባቢዋን ውሃ የመዘኑ ሰዎች ቁጥሮች በጣልያንኛና በእንግሊዝኛ መጽሔቶች ተበትነው ይገኛሉ። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ እንደገና እንዲጠቀምበት ተደርጎ ሲሠራ፣ የከተማው ሕዝብ ቁጥርም በየዓመቱ ሲጨምር፣ የሐይቁ ውሃ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር የሚመሰክሩት እነዚያ አሮጌ ቁጥሮች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ተሰባስበው በአማርኛና በሲዳምኛ እንዲታተሙ ቢያደርግ፣ የአዲስ ከተማ ትምህርት ቤቶችም አንድ አንድ የአልካሊነት መመርመሪያ ብልቃጥ አግኝተው ልጆቹ ከሐይቁ ዳርቻ የቀዱትን ውሃ በየወሩ ቢመዝኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የተጻፈውን ቁጥር በአንድ ዓምድ፣ የልጆቹን በሌላው ዓምድ አስቀምጦ ማነጻጸር ይቻላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አሲድ፣ ቀለም፣ ብልቃጥና የማይቋረጥ ደብተር ነው።